የኡምኩልሱም ኪሎ

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ ወይዘሮ ብዙዬ፣ ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው።

ወንዶቹ ከቀብር ከተመለሱ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። ሴቶቹ በዋናው ቤት ምንጣፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ውጭ፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ቅሬው፣ በተከለው ድንኳን ውስጥ፣ ፋቲሃ የሚቀሩት ሰዎች ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ነው ወይዘሮ ብዙዬ ዘንድ የደረሰው። ጅዳ ያለችው ሁዳ የእናቷን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አውጥታ፣ ከሥሩ «እናቴ፣ አላህ ይዘንልሽ» ብላ ጽፋበታለች።

«እማ ናት» አለች ኢልሀም።

«የማን እማ?»

«የኛ። የኛ እናት ናት እኮ፣ አክስቴ።»

ወይዘሮ ብዙዬ የሟቿ ባል እህት ናቸው። መርዶውን በስልክ ሰምተው ከወረኢሉ በተገኘው መኪና ተሳፍረው ለቀብሩ ደርሰዋል። ከኡምኩልሱም ጋር ከተያዩ ግን ሁለት ዓመት አልፏል። ፎቶውን ደግመው አዩት። ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት በር ላይ ቆማለች። አንገቷ ረዝሟል፣ የጉንጯ አጥንት ወጥቷል፣ ትስቃለች።

«እኔ የማውቃት ኡምኩልሱም በዚህ በር ስትገባ ጎኗን አዙራ ነበር የምትገባው» አሉ። «ይቺማ ያኔውኑ ታማለች።»

«አልታመመችም ነበር» አለች ኢልሀም። «የካቲት ላይ ነው፣ እኔ ነኝ ያነሳኋት። ያኔ ጤነኛ ነበረች።»

አንዷ ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ሌላዋ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለች። ኢልሀም የተናገረችውን በልቧ ደገመችው። ያኔ ጤነኛ ነበረች። እውነት ይሁን አይሁን ግን መለየት አቃታት። ነርስ ናት። አቀስታ በአንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በቀን ሃምሳ ሰው ታያለች። ይሄን መለየት የነበረባት እሷ ነበረች።

ኡምኩልሱም በመካነ ሰላም ገበያ ሃያ አምስት ዓመት ቅቤ ሸጣለች። ሐሙስም ሆነ ቅዳሜ፣ ከቅቤ ተራው መጀመሪያ የምትታየው እሷ ነበረች፤ ሰፊ፣ ቀይ፣ ላቧ ግንባሯ ላይ የሚያብለጨልጭ። ደንበኞቿ «እስቲ ከምትበይው ስጪን» ይሏታል፣ እሷም ትስቃለች። ከቆላ የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ ሚስታቸው ስትወልድ «የሷን ቅቤ ግዙ» ይባሉ ነበር። ውፍረቷ ጤናዋ ነበር፣ ጤናዋም ገበያዋ። በአገሩ ሰው ዘንድ «ወፈርሽ» ማለት «አማረብሽ፣ አላህ ሰጠሽ» ማለት እንደሆነ ኢልሀምም ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው ያደገችው።

ባለፈው መስከረም ላይ ነው ኢልሀም ለዓረፋ የመጣች ያህል ተጭና፣ በፌስታል የጠቀለለችውን ሚዛን ይዛ ከአቀስታ የመጣችው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የእናቷ ደም ተመርምሮ ስኳር ተገኝቶበት ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ኡምኩልሱም።

«ሚዛን። ውጪበት።»

«እኔ በሚዛን የምመዝነው ቅቤ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ጫማዋን አውልቃ አንድ እግሯን አስቀመጠችና የበሩን መቃን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች።

«ሳትይዢ፣ እማ። ከያዝሽ ልኩን አይነግረንም።»

እጇን ለመልቀቅ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ኢልሀም እናቷ ከፍታውን የፈራች መስሏት፣ «ጣት ከማትሞላ ነገር ላይ ነው የቆምሽው» ብላ አሾፈችባት። ሚዛኑ ሰማንያ ስድስት አለ።

«ብዙ ነው ትንሽ?»

«ብዙ ነው።»

«አልሀምዱሊላህ» አለች ኡምኩልሱም።

ኢልሀም መሬት ላይ ተቀምጣ እስክትደክም ሳቀች። ከዚያ አስረዳቻት። ስኳሩን፣ ደም ግፊቱን፣ ቁመቷን ከክብደቷ ጋር እያስተያየች ነገረቻት፤ ስልሳ አምስት ኪሎ ብትሆን ጉልበቷም እንደማያማት፣ ልቧም እንደሚያርፍ። ኡምኩልሱም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሰማች።

«ስልሳ አምስት ሆኜ ገበያ ብወጣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ምንም አይልሽም። ድሮ ነው እንደሱ። አሁን ሰው ገባው እኮ።»

በቅቤ የሚታሸው ጭኮ ቀረ። ስኳር በሻይ ቀረ። እንጀራው በግማሽ ሆነ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ከተማው መውጫ ድረስ መራመድ ተጀመረ። ኢልሀም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች፣ እናቷ ከመመዘኗ በፊት ቀሚሷን፣ ሹራቧን፣ መቀነቷን ሁሉ ታወልቃለች። ሰማንያ ሁለት። ሰባ ስምንት። ሰባ አራት። ኢልሀም «ጎበዝ፣ እማ» እያለች ታጨበጭባለች። ኡምኩልሱም ተምራ አታውቅም፤ ማርክ የሚባል ነገር በሕይወቷ ተሰጥቷት አያውቅም። ቁጥሩ ሲነገራት እንደ ልጅ አንገቷን ትሰብርና፣ «ካለፈው ይሻላል?» ትላለች።

የካቲት ላይ ሰባ አንድ ስትሆን ኢልሀም ሰማያዊውን ቀሚስ ጎኑን አስጠብባላት፣ በር ላይ አቁማ ፎቶ አነሳቻት። ሁዳም ከጅዳ በድምፅ መልእክት፣ «ያ ረቢ፣ እማን ሃያ ዓመት ቀነስሽልን» አለች።

አንድ ነገር ብቻ አልገጠመም። ኪሎው እየወረደ ስኳሩ አልወረደም። ኢልሀም እናቷን፣ «ተደብቀሽ የምትጠጪው ሻይ አለ» ብላ ተቆጣቻት። ኡምኩልሱም የለም ብላ አልማለችም። መሬት መሬት አየችና፣ «ይሆናል» አለች።

*

በሁለተኛው ቀን ለቀስተኛው በዛ። ከደጎሎ፣ ከገጠሩም ሰው መጣ። ሙስሊሙ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይላል፣ ክርስቲያኑ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፤ ከየቤቱ የሚመጣው የለቅሶ ምግብ፣ እዝኑ፣ በጓዳው በር ተደርድሯል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፈንታዬ ከትናንት ጀምሮ አልተቀመጡም። አጥራቸው ከዚህ ቤት አጥር ጋር አንድ ነው። ክርስቲያን ናቸው፤ እዝኑን የትኛው ለማን እንደሚቀርብ ለይተው፣ ውሃ አመላልሰው፣ ያረፉት ገና አሁን ነው። ኢልሀም ከትንሽነቷ ጀምሮ «እቴቴ» ነው የምትላቸው፣ አንቱ እያለች።

ሹክሹክታው ከምንጣፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ኢልሀም ቁርጥራጩን ትሰማለች።

«ስኳር ነው አሉ።»

«የምን ስኳር። ዓይን ነው እንጂ። ያን ሰውነት ስንቱ አይቶታል።»

«ልጅቱ ናት እኮ ምግብ የከለከለቻት። ሐኪም ነች መሰለኝ።»

«እናቷን?»

«ለጤናሽ ነው ብላ።»

ኢልሀም አንገቷን አላዞረችም። ደሴ ላይ እናቷን ያያት ሐኪም የቆሽት ካንሰር ነው ብሎ ነበር። ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ወገቧን ይዛ መቀመጥ ካቃታት በኋላ ነው የደረሱት፤ መንገዱም አሥር ቀን ተዘግቶ ነበር። ክብደት መቀነሷ ራሱ ከበሽታው ሊሆን እንደሚችል ነገራት። ሊሆን ይችላል ነው ያለው፣ ነው አላለም። ኢልሀም ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሎዎቹን ስትከፋፍል ነው የምትውለው። ከሰማንያ ስድስት እስከ ሰማንያ ሁለት ያለው የእግር መንገዱ ነው ትላለች። እስከ ሰባ ስምንት ያለውም የጭኮው ይሁን። ከዚያ ወዲያስ? የትኛው ኪሎ በእሷ ጭብጨባ ወረደ፣ የትኛውን በሽታው በላው? አንዳንዴ ድንበሩን ታኅሣሥ ላይ ታደርገዋለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ከመጀመሪያውም የእሷ የሚባል አንድ ኪሎ እንዳልነበረ ይሰማታል።

ሙሉሐረግ የምትባል መምህርት አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ወጣት ናት፣ ሞላ ያለች። ወደ ኢልሀም ጆሮ ጠጋ አለች።

«ኢልሀምዬ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ። እናትሽ ግን በምን ነበር እንደዚያ የቀነሱት? እኔ ዓመት ሙሉ ሞክሬ ሁለት ኪሎ አልወረደልኝም።»

«እራት ትታ» አለች ኢልሀም። ምላሷ ከክሊኒኩ የለመደውን ነው የተናገረው። «ጠዋት አርባ ደቂቃ እየተራመደች። ጣፋጭ በጭራሽ» ብላ አቋረጠች። የመምህርቷ ዓይን በጥሞና እየጠበቃት ነበር።

«አላውቅም» አለች። «በምን እንደቀነሰች አላውቅም።»

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ጓዳው ውስጥ የእናቷ ሳጥን አለ። ለሶደቃ የሚሰጠውን ልብስ ትለይ ብለው ጠዋት ነግረዋታል። ቀሚሶቹን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። እማን የሚያህሉት ሰፋፊዎቹ ከላይ ናቸው፣ የተጠበበው ሰማያዊው ከሥር። ከሁሉም በታች አንድ ወፍራም ነገር እጇ ላይ መጣ። መጀመሪያ ትራስ መሰላት። ስትዘረጋው ግን ክንድ ተኩል ይረዝማል፤ ከአሮጌ ነጠላ ድርብርብ ተደርጎ የተሰፋ፣ መሀሉ በጥጥ የተሞላ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ማሰሪያ ያለው። የወገብ ሕመም ድጋፍ ይሆን ብላ ወገቧ ላይ አደረገችው። ጎኗ ወጣ፣ ዳሌዋ ሰፋ። በትንሿ መስታወት ውስጥ ያየችው የእናቷን ቅርጽ ነበር።

«የኔ ስፌት ነው» አሉ ወይዘሮ ፈንታዬ ከኋላዋ።

በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና የእህል ጆንያው ላይ ተቀመጡ።

«ከታኅሣሥ ጀምሮ ትለብሰው ነበር። ገበያ ስትወጣ፣ ሰው ቤት ስትሄድ። በላዩ ሁለት ቀሚስ ትደርባለች። አንቺ የምትመጪ ቅዳሜ ብቻ ታወልቀዋለች። አልጋ ስትይዝ አቃጥይው ብላኝ ነበር፣ እጄ እንቢ አለኝ።»

ኢልሀም ማሰሪያውን መፍታት አቅቷት ቆማ ቀረች። «ለምን?»

«ሰው ከሳች እንዳይላት።»

«መክሳቷ እኮ ጥሩ ነበር። እኔ እኮ ጎበዝ ነው ያልኳት።»

«አንቺ ጎበዝ ትያለሽ፣ ገበያው ምን ነካት ይላል። የአጎትሽን አታስታውሽም?»

ታስታውሳለች። አጎቷ አብዱራህማን የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ኢልሀም የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ከወደብ መስመር ከስቶ መጣ። ሱሪው በገመድ ታስሮ፣ የአንገቱ ጅማቶች ተቆጥረው። ያኔ የከሳ ሰው ሁሉ ያ በሽታ፣ ኤድስ፣ አለበት ይባል ነበር። ጎረቤት የሚጠጣበትን ኩባያ ለየ፣ ልጆች ከደጁ ራቁ። ኡምኩልሱም በራሷ ኩባያ እያጠጣች ቀበረችው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት «ከሳሽ» የሚል ቃል አይነሳም። ኢልሀም ደሴ ኮሌጅ ሳለች አምስት ኪሎ ቀንሳ፣ ቆንጆ የሆነች መስሏት ስትመጣ፣ እናቷ ገና በሩ ላይ አይታት አለቀሰች፤ በዚያው ቀን ዶሮ አረደችና «እውነቱን ንገሪኝ» እያለች አጎረሰቻት። ኢልሀም ያን ጊዜ ያለመማር ነው ብላ ስቃ ነበር።

«የሚዛኑንስ ነገር ታውቂያለሽ?» አሉ ወይዘሮ ፈንታዬ።

«የትኛውን?»

«የሰባ ሰባቱን፣ የረሃቡን ጊዜ። እሷ አሥር ዓመቷ ነው፣ እኔ አሥራ ሁለት። መጠለያው በር ላይ እንደ ቅቤ ሚዛን በገመድ የተንጠለጠለ ነገር ነበር። አንድ በአንድ ያንጠለጥሉናል። ከስቶ የተገኘው ይገባል፣ ገና ያልከሳው ይመለሳል። ምግቡ ለሁሉም አይበቃማ። እናትሽን አነሱዋትና ግቢ አሏት። እኔን አንቺ ትንሽ ቆይተሽ ነይ አሉኝ።» ወይዘሮ ፈንታዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «የሰጧትን ብስኩት በቀሚሷ ሸሽጋ በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብለኝ ነበር። በሷ ክሳት ነው የተረፍኩት። እና አንቺ ያን ሚዛን ያመጣሽ ዕለት ማታውኑ እኔ ቤት መጣች። ልጄ ሚዛን ላይ አወጣችኝ አለችኝ። ምን አለሽ ስላት፣ ብዙ ነሽ አለኝ አለች።»

ኢልሀም የበሩን መቃን የጨበጡት እጆች መጡባት። ጣት ከማትሞላ ነገር ላይ ነው የቆምሽው ብላ ነበር።

«በሰርጓም ጊዜ እኔ ነኝ የጠመጠምኩላት» ቀጠሉ ወይዘሮ ፈንታዬ። «የአባትሽ እናት ሊያዩዋት ሲመጡ ገና ሥጋ አላበጀችም። ሦስት መቀነት ከሥር ደረብኩላት። አክስትሽ ብዙዬም አብራቸው መጥታ ነበር። ደልደል ያለች ልጅ ናት፣ ትወልዳለች ብለው ተደስተው ሄዱ። አሁንም ስፊልኝ ስትለኝ፣ እንደዚያን ጊዜው እየሳቅን ነው የሰፋሁላት። ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

«መቼ ነው ቀልድ አለመሆኑ የገባዎት?»

ከዋናው ቤት አንዲት ሴት ገብታ ስታለቅስና ሌሎቹ ሲያባብሏት ይሰማል።

«ምግብ አይወርድላትም ነበር» አሉ ወይዘሮ ፈንታዬ። «ከጥምቀት በፊት ጀምሮ። አንቺ ከፈቀድሽላት ግማሹን እንኳ አትጨርስም። አንድ ሁለት ጊዜ እኔው ጓሮ አስመልሷታል። ጀርባዬን ትለኝ ነበር። ለኢልሀም ልንገራት አልኳት። ተይ አለችኝ። ልጄ እኔን አይታ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፣ ስትመጣ ታጨበጭብልኛለች፣ ምን ብዬ ላስከፋት አለች። ደግሞ እሷም መታመሟን አላወቀችም። አንዳንዴ ልጄ እንዳለችው ሆዴ ለምዶ ይሆናል ትለኛለች። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሰው ሁሉ ከሳ። እኔም በቃ ጾሙ ነው አልኩ።»

«ቢነግሩኝ ኖሮ» አለች ኢልሀም። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር፣ አላለቀሰችም። «ጥር ላይ ቢነግሩኝ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር።»

ወይዘሮ ፈንታዬ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ከዚያ በጆንያው ተደግፈው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉና ወጡ። በዋናው ቤት ሳይሆን በጓሮው በር ነው የሄዱት።

ኢልሀም የጥጡን መቀነት እንደታጠቀች ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ ያላት አንድ ሌላ ነገር ነበር። ይሄ በሽታ ከሁለት ሦስት ወር በፊት ቢደረስበትም ብዙ ላይቀይር ይችላል ብሏት ነበር። ለወይዘሮ ፈንታዬ ያንን አልነገረቻቸውም። ለምን እንዳልነገረቻቸው አሰበች። ረስታው ነው? ወይስ ሸክሙን ለሁለት የሚካፈላት ሰው ስታገኝ ደስ ብሏት? የተናገረችው እውነት ይሁን ውሸት፣ ትናንት ስለ ፎቶው ያለችውን ያህል እንኳ መገመት አልቻለችም።

*

ሦስተኛው ቀን የዱዓ ቀን ነው። ሌሊት የጀመረው የግንቦት ካፊያ ጠዋት ላይ አቁሞ፣ ብርዱ ግን ቀርቷል። ሼሁ መጡ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። ወይዘሮ ፈንታዬ አልመጡም።

ሁዳ ከጅዳ መልእክት ልካ ነበር። ለቅሶዋ በየቃሉ መሀል ይገባል። «ኢልሁ፣ አክስቴ ብዙዬ ደውላ ፎቶውን አውርጂው አለችኝ። የታመመችበትን ነው ያወጣሽው፣ ሰው ምን ይላል አለችኝ። የድሮውን ልለጥፈው? ወፍራም የሆነችበትን? እማ የትኛውን ነበር የምትወደው?»

ኢልሀም መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰማችው። በድሮው ፎቶ ላይ እማ በቅቤ ቅሎች መሀል ተቀምጣለች፣ ሙሉ፣ ኮስተር ብላ፤ ፎቶ ሲያነሷት መሳቅ አትወድም ነበር። በአዲሱ ትስቃለች። በአዲሱ የሳቀችው ካሜራውን ለያዘችው ለእሷ እንደሆነ ኢልሀም ታውቃለች። ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ ምግብ እንዳልነበረም አሁን ታውቃለች። «አላውቅም፣ ሁዲ» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። ስልኩን ደፍታ አስቀመጠችው።

«ያች ጎረቤታችሁ የት ጠፋች?» አሉ ወይዘሮ ብዙዬ። «ትናንት ስትሮጥ የዋለችው።»

«ዛሬ አልመጡም።»

«ታማ እንዳይሆን። ሰው እንላክ?»

«እኔ እሄዳለሁ።»

«ለቀስተኛ ተቀምጦ አንቺ ትወጫለሽ እንዴ?»

ኢልሀም ከተቆረሰው ዳቦ በሳህን ወስዳ በጓሮ በር ወጣች። በጋራው አጥር ላይ የቆየ መሽሎኪያ አለ። ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ ዓመት ሲመላለሱበት መሬቱ ጎድጉዷል፣ ካፊያው ውሃ አቁሮበታል። ተሻገረችው።

ወይዘሮ ፈንታዬ መደባቸው ላይ በጥቁር ነጠላ ተሸፋፍነው ተቀምጠዋል። አልጋው ተነጥፏል፣ ቤቱ ተጠርጓል። ከፊታቸው ያለው ወጥ ቆዳ አብጅቷል።

«ዱዓው አለቀ?» አሉ።

«አልቋል።»

«ልመጣ ነበር። እግሬ እንቢ አለኝ።»

ኢልሀም ሳህኑን አስቀመጠችና እዚያው በቆመችበት፣ «ትናንት የነገርኩዎት ልክ አይደለም» አለች። «ሐኪሙ ጥር ላይ ብትመጡም ላይቀይር ይችላል ብሎኝ ነበር። ልነግርዎት ይገባ ነበር።»

ወይዘሮ ፈንታዬ ቀና ብለው አዩዋት። «ላይቀይር ይችላል አለ?»

«አዎ።»

«ሊቀይርም ይችላል ነዋ።»

«አላውቅም፣ እቴቴ» አለች። «እውነቴን ነው፣ እኔም አላውቅም።»

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ፈንታዬ። የቅሬታም የእፎይታም ድምፅ አልነበረም። ከዳቦው ትንሽ ቆረሱ፣ በጣታቸው አሹት፣ አፋቸው ዘንድ አድርሰው መለሱት። «ትናንትም እንዲሁ ነው። አይወርድልኝም።»

ኢልሀም የሴትየዋን ጉንጭ፣ ነጠላው የከደነውን ትከሻ አየች። ከስተው ይሁን፣ ድሮም እንዲህ ይሁኑ፣ ለማወቅ ብትሞክር አልቻለችም። ሃያ ጊዜ ለሃያ ሰው ያለችው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ይብሉ፣ በግድም ቢሆን ይብሉ። ዋጠችው።

«ከመቼ ወዲህ?» አለች።

ጭቃ የያዘ ጫማዋን አውልቃ መደቡ ላይ ወጣች፣ እግሯን አጣጥፋ ከጎናቸው ተቀመጠች፣ መልሱንም ጠበቀች።